«ውሸት ነው» ማለት አይበቃም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



እንዲህ ባለው በዓል ላይ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ወጣቶች ግዴታ መናገራቸው የተለመደ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስለ ሬስሊንግ ነው። ይህን ስንል ፈገግ የሚሉ ወላጆች እንደሚኖሩ፥ ግንባራቸውን የሚቋጥሩም እንደማይጠፉ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከአየር ጤና እስከ ቤተል፥ ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ ድረስ በሰፈራችን ስንት ልጅ የሂሳብ ትምህርቱን ሳያጠና የጆን ሲናን አጣጣል አጥንቶ እንደሚውል እናንተም ታውቃላችሁ። ልጆች ስለሚወዱት ነገር ዝም ከማለት መርምሮ መናገር ይሻላል ብለን ስላሰብን ይህን አርእስት መረጥን።

አባቶቻችን በገጠር ከብት ሲጠብቁ ትግል ይጋጠሙ እንደ ነበር ነግረውናል። የዚያ ትግል ሕግ አጭር ነው፤ የጣለ ጣለ፥ የወደቀ ወደቀ። ዛሬም ትግል ከገና ጨዋታ፥ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋራ ከባህል ስፖርቶቻችን አንዱ ሆኖ ውድድር ይደረግበታል። በኦሊምፒክ የሚታየው ትግልም እንደዚሁ እውነተኛ ውድድር ነው። እኛ በሳተላይት ቴሌቪዥን የምናየው የአሜሪካ ሬስሊንግ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመው የሚወስኑት ጸሐፊዎች ናቸው፤ ተጋጣሚዎቹም ጠላት መስለው ይተባበራሉ። ይህም ምሥጢር አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. የቪንስ ማክማን ኩባንያ ራሱ ከስፖርት ተቆጣጣሪዎች ሕግና ግብር ነጻ ለመሆን ሲል፥ ሬስሊንግ መዝናኛ እንጂ ውድድር አለመሆኑን ለኒው ጀርዚ ምክር ቤት አስረድቷል። ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር የምንጠቅሳቸው የሬስሊንግ ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቡልን።

አንድ መምህራችን፥ «ታዲያ አስቀድሞ የተወሰነውን ነገር እናንተ ምኑን ትገምታላችሁ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም፥ እኛ የምንገምተው የማንን ጉልበት ሳይሆን የጸሐፊውን አሳብ ነው የሚል ነበር። ከ9ኛ ክፍል ጀምረን አምስት ጓደኞች አንድ የግምት ደብተር ይዘናል። ከትልልቅ ትዕይንቶች በፊት እያንዳንዳችን ማን እንደሚያሸንፍ ከነምክንያቱ እንጽፋለን፤ ብዙ የተሳሳተው ሰኞ በምሳ ሰዓት ለሌሎቹ እርጥብ ይጋብዛል። በዚህ ሥራ ስንቆይ አንዳንድ ሕግ አገኘን። በዋዜማው ሳምንት የተደበደበ ሰው በትልቁ ቀን ማሸነፉ ብዙ ጊዜ ነው። በተወለደበት ከተማ በእልልታ የሚገባ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ጸሐፊው የሚፈልገው ሕዝቡ ልቡ ተሰቅሎ እንዲቆይ ነውና።

ነገር ግን ሕጋችን ሁልጊዜ አልሠራልንም። በ2014 እኛ ገና ሕፃናት ሳለን አንደርቴከር የተባለው ተጋጣሚ በሬስልማንያ 21 ጊዜ ገጥሞ 21 ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነበር። ታላላቅ ወንድሞቻችን 22ኛውንም ያሸንፋል ብለው ሲጠብቁ በኒው ኦርሊንስ ብሮክ ሌስነር ጣለው። እስከ ዛሬ ሲያወሩት የሰው ሞት የሚያረዱ ይመስላሉ።

በ2019 ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ። ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን 11 ዓመት ያህል ሲለፋ ኖሮ ትልቁን ቀበቶ አላገኘም ነበር። በአፍሪካ የተወለደ ሰው ያንን ቀበቶ ታጥቆ ስለማያውቅ እርሱም አያገኝም ብለን ደመደምን። ይሁን እንጂ ሌላ ተጋጣሚ ስለ ተጎዳ ኮፊ በእርሱ ቦታ ገባ፤ የሕዝቡም ጩኸት ከሳምንት ወደ ሳምንት እየበረታ ሄደ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል በኒው ጀርዚ ዳንየል ብራያንን አሸንፎ የኩባንያውን ትልቅ ቀበቶ ታጠቀ። በማግሥቱ በየደጁ ቀበቶ ከካርቶን የሠራ ልጅ ብዙ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ብሮክ ሌስነር በጥቂት ሰከንድ ቢቀማውም፥ ጸሐፊው ብዕሩን ቢይዝም የተመልካቹን ድምፅ እንደሚሰማ ያን ጊዜ ተማርን።

ትልቁ ክርክራችን ግን በኮዲ ሮድስ ነበር። አባቱ ደስቲ ሮድስ ስመ ጥር ተጋጣሚ ሲሆን ያንን ቀበቶ ሳያገኝ በ2015 ሞቷል፤ ልጁም የአባቴን እፈጽማለሁ ብሎ ተነሣ። በ2023 አምስታችንም ኮዲ ያሸንፋል ብለን ጻፍን፤ ሮማን ሬይንስ አሸነፈ። በ2024 ሦስታችን ወደ ሬይንስ ዞርን፥ ሁለታችን በኮዲ ጸናን። ትዕይንቱ በአሜሪካ ማታ ሲጀምር በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስለ ሆነ በአንድ ጓደኛችን ቤት ድምፁን ዝቅ አድርገን ተቀመጥን። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና እናቱ ለጸሎት ሲነሡ አገኙን።

«ልጆቼ፥ እነዚህ ሰዎች በዚህ ሌሊት የሚደባደቡት ስለ ምንድር ነው?» አሉ።

«ስለ ቀበቶ ነው፥ እማማ።»

«ምነው፥ በአገራቸው መርካቶ የለም እንዴ?» ብለውን ወደ ጸሎታቸው ሄዱ።

ያን ሌሊት ኮዲ አሸነፈ፤ የሬይንስም የ1,316 ቀን ግዛት አበቃ። ሦስታችን እርጥብ ጋበዝን።

በግምት መሳሳታችን ግን ነውር አይደለም፤ ተጋጣሚው ራሱ የተሳሳተበት ጊዜ አለና። በ1997 በሞንትሪያል ብሬት ሃርት ፍጻሜው የተስማማበት እንደሚሆን አምኖ ወደ መድረክ ሲወጣ አለቃው በስውር ለውጦበት፥ እጅ ሳይሰጥ ደወል ተደውሎ ተሸነፍህ ተባለ።

እስከዚህ የተናገርነው ሁሉ የሚያስቅ ነው። አሁን የማያስቀውን እንናገራለን።

የሰፈሩ ትንንሽ ልጆች ከእኛ ጋራ እያዩ፥ «ይህ እውነት ነው?» ብለው ሲጠይቁን እኛ እንደ ዐዋቂ ሆነን፥ «ውሸት ነው፤ ሁሉም ተነጋግረው ነው፤ አያምም» እያልን እንመልስ ነበር። በእንግሊዝኛ የሚነገረውን ዛቻና ቀልድ ሁሉ እንተረጉምላቸዋለን። ተጋጣሚዎቹ ራሳቸው ወጥተው፥ ይህን በቤታችሁ አትሞክሩ ብለው የሚያስጠነቅቁበት ክፍል ሲመጣ ግን ሳንተረጉም ወሬያችንን እንቀጥላለን።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ከጓደኞቹ ጋራ መድረክ ሠራ። በእኛ ሰፈር አጠና አይታጣም፤ አራት አጠና ተክለው ገመድ አዞሩበት፥ መሬቱንም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈኑት። ከዚያም ልጁ ከድንጋይ አጥር ላይ ወጥቶ ዘለለ። ከከረጢቱ በታች የነበረው ጭቃና ድንጋይ ነው። እጁ ከክንዱ በታች ተሰበረ። አንዳንድ ጎረቤቶች ወደ ወጌሻ እንውሰደው ሲሉ እናቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ በኋላም በጄሶ ታሰረ።

ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ አልቅሶ ጨርሶ ነበር። ቀና ብሎ አየንና፥ «አያምም ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?» አለን። እናቱ ቡና እያፈሉ ነበር፤ ሰምተው ምንም አልተናገሩም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ በደብተራችን ውስጥ ከግምት ሌላ ነገር መጻፍ ጀመርን። ይኸውም በዚህ ትዕይንት ውስጥ እውነቱ የትኛው እንደ ሆነ ነው። አሸናፊው አስቀድሞ መወሰኑ እውነት ነው፤ ሰውየው መውደቁም እውነት ነው። መድረኩ ፍራሽ አይደለም፤ በብረት አግዳሚ ላይ ሳንቃ ተረብርቦ፥ በሳንቃው ላይ ስስ ስፖንጅ ተነጥፎ፥ በሸራ የተሸፈነ ነው። ተጋጣሚው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መጣልን ሳይሆን መውደቅን ነው፤ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፥ ትንፋሹን አውጥቶ፥ በሰፊው ጀርባው ያርፋል፤ በእጆቹም ሸራውን እየመታ ኃይሉን ይበትናል። ይህን ለማስተማር ኩባንያው በ2013 በኦርላንዶ ከተማ ትልቅ ማሠልጠኛ ከፍቷል። ይህን ሁሉ የተማሩት እንኳ ይጎዳሉ። በ1997 ስቶን ኮልድ ስቲቭ ኦስቲን በአንድ የተሳሳተ አጣጣል አንገቱ ተጎድቶ ለጊዜው መንቀሳቀስ አቅቶት ነበር። ያን ጊዜ የጣለው ኦወን ሃርት ደግሞ በ1999 በካንሳስ ሲቲ ከጣራ በገመድ ሲወርድ ማያያዣው ተፈትቶ ወድቆ ሞተ። ተመልካቹ የጨዋታው ክፍል መስሎት ነበር።

ስለዚህ «እውነት ነው» ብሎ የሚያምን ልጅ ይሳሳታል፤ «ውሸት ነው» ብሎ የሚንቅ ልጅ ደግሞ ከእርሱ ይልቅ ይሳሳታል። የመጀመሪያው ቢያንስ ይፈራል፤ ሁለተኛው ግን ከአጥር ይዘላል።

በዚህ ነገር ላይ ከሰፈራችን ታሪክ አንድ አስረጂ እንጨምር። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በእኛው በኮልፌ በፖሊስ ሠፈር ወታደራዊ ትምህርት እንደ ተማሩ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው ቦክሰኛ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ከቦክስ የወደዱት ድብደባውን ሳይሆን ስልቱን እንደ ነበረ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። አንድ ነገር መውደድ ማለት አሠራሩን ማወቅ ጭምር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። እኛ ሬስሊንግ እንወዳለን ስንል አሸናፊውን ብቻ እናውቅ ነበር፤ አወዳደቁን ግን አላጠናነውም።

በዚህ ዓመት የጻፍነውን አንድ ግምት ነግረናችሁ ልንጨርስ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በሌሊት ጆን ሲና በዋሽንግተን የመጨረሻ ግጥሚያውን አደረገ። ይህ ሰው ከ2002 ጀምሮ በዚያ መድረክ የታየ ነው፤ በጽኑ የታመሙ ልጆችን ምኞት ከ650 ጊዜ በላይ በመፈጸምም የታወቀ ነው። አራታችን፥ በመሰናበቻው ቀን እንዴት ይሸነፋል ብለን እርሱን ጻፍን። አንዱ ጓደኛችን ብቻ ተጋጣሚውን ጉንተርን ጻፈ። ሲና በእጁ መታ መታ አድርጎ መሸነፉን አመነ፤ ከእኛም ያለቀሰ ነበር። ለካስ አንድ አሮጌ ሕግ ዘንግተን ኖሯል፤ በዚያ ሙያ ልማድ የሚሄደው ይወድቃል፥ የሚቀረው እንዲከብር።

እኛም የምንሄድ ነን። ስለዚህ በዚህ በዓል ፊት፥ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ «ውሸት ነው፥ አያምም» ብለን የነገርናችሁ ስሕተት እንደ ነበረ እንናገራለን። እጁ የተሰበረው ወንድማችን ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጧል፤ እጁም ድኗል። ይቅርታ የጠየቅነው በቤቱ ነበር፤ ዛሬ ግን በሁላችሁ ፊት እንጠይቀዋለን። የግምቱንም ደብተር ለእርሱ ትተንለት እንሄዳለን። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍነው ያን ጊዜ ሳንተረጉም ያለፍነውን ማስጠንቀቂያ ነው፤ በአማርኛ፥ በትልልቅ ፊደል።

ለእናንተም፥ አባቶቻችንና እናቶቻችን፥ አንድ ግምት እንተውላችሁ። በ2027 የሚሆነው ሬስልማንያ በሳዑዲ ዓረቢያ በሪያድ እንደሚደረግ በ2025 ተነግሯል። የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነውና፥ ማታ ከተደረገ ልጆቻችሁ በሌሊት ተደብቀው ሳይሆን በማታ በፊታችሁ ያዩታል ብለን እንገምታለን። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን ከማጥፋት ይልቅ አብራችሁ ተቀመጡ፤ «ስለ ምን ይደባደባሉ?» ብላችሁም ጠይቁ። ልጆቹ ስለ ቀበቶ ነው ካሏችሁ ሳቁ፤ አያምም ካሏችሁ ግን አትሳቁ።