በስሟ ሲጠራት አወቀችው
(በዳግም ትንሣኤ እሁድ ለእህቶች የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ዕረፍት አግኝታችሁ የመጣችሁም፣ በር ተቆልፎባችሁ በስልክ የምትሰሙንም እንኳን አደረሳችሁ። ሁዳዴን 55 ቀን በሰው ወጥ ቤት ጾማችኋል። ቅቤ ያለበትን መአሙል ጋግራችሁ ሳትቀምሱ ያቀረባችሁ አላችሁ። እግዚአብሔር ጾማችሁን ይቀበል።

ከፋሲካ በኋላ ያለው ሳምንት ቀኑ ሁሉ መታሰቢያ አለው። ማክሰኞ የቶማስ፣ ረቡዕ የአልዓዛር፣ ሐሙስ የአዳም ነው። ትናንት ቅዳሜ ደግሞ የቅዱሳት አንስት፣ ሽቶ ይዘው ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶች ቀን ነበር። ሉቃስ ምዕራፍ 8 ላይ እነዚህ ሴቶች በገንዘባቸው ያገለግሉ እንደነበር ተጽፏል። እሁድ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ሄዱ። እኛም ማዳም ሳትነቃ የምንነሳ ሰዎች ስለሆንን ያንን ሰዓት እናውቀዋለን።

ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ከመካከላቸው የአንዷን፣ የመግደላዊት ማርያምን ነገር ነው። ዮሐንስ ምዕራፍ 20ን እቤት ስትገቡ አንብቡት። መቃብሩ ባዶ ሆኖባት ቆማ ታለቅሳለች። ጌታ ከኋላዋ ቆሞ ለምን እንደምታለቅስ ጠየቃት። አየችው፣ ድምፁንም ሰማች፣ ግን አላወቀችውም። አትክልተኛው መሰላት። መጀመሪያ የጠራት «አንቺ ሴት» ብሎ ነበር። ቀጥሎ ግን ማርያም ብሎ በስሟ ጠራት። ያኔ ዞር አለች፣ አወቀችው። ሞትን ያሸነፈ ጌታ ለዚች ሴት መጀመሪያ ያደረገላት ነገር በስሟ መጥራት ነው።

እስቲ ወደ እኛ እንምጣ። ስንቶቻችን ነን እዚህ አገር በስማችን የምንጠራው? አንዷ ስሟ ለአፍ ይከብዳል ተብሎ ሌላ ወጣላት። አንዷ ከእሷ በፊት በነበረችው ልጅ ስም ትጠራለች። የአንዷን ደግሞ ደላላው ገና አገር ቤት ፓስፖርቷ ላይ ቀየረው። ዓመታት ሲያልፉ በእውነተኛ ስማችን ስንጠራ ዞር ማለት እስኪጠፋን ድረስ እንለምደዋለን።

ግን ቄሱ ለጸሎት የሚጠይቁን የክርስትና ስማችንን ነው አይደል? ያንን ማዳምም ደላላም አልሰጡንም፣ ሊወስዱትም አይችሉም። ሙስሊም እህቶቻችንም ቢሆኑ ወላጅ ያወጣላቸው ስም አላቸው። እግዚአብሔር የሚያውቀን በዚያ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጌታ ማርያምን ሄደሽ ለወንድሞቼ ንገሪ አላት። ሴቶቹ ሄደው ሲናገሩ ግን ሐዋርያት አላመኗቸውም፣ ወሬ መሰላቸው። ይሄ ሉቃስ 24 ላይ አለ። ባይታመኑም የተናገሩት እውነት ነበር። ስለዚህ አንዲት እህት ደመወዝ አልተከፈለኝም ወይም ተመታሁ ስትል መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው «ምን አድርገሽ ነው?» አይሁን። የማያምናት ሰው ውጭ ሞልቷል። እኛ ቁጭ ብለን እንስማት።

አሁን እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው 50 ቀን ጾም የለበትም። በዚህ ጊዜ አንድ ሥራ አብረን እንሥራ። እያንዳንዳችን ከምናውቃቸው እህቶች እውነተኛ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ የመጡበትን ቀበሌና የአንድ ዘመድ ስልክ ፈቅደው ከሰጡን እንጻፍ። መዝገቡ በማኅበራችን እጅ ብቻ ይቀመጥ፣ ለማንም አይታይ። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። አንዷ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ ማን ናት ሲባል «ሚሚ ነው የምንላት» ብለን እንቀራለን። እናቷ ጋ ማን ይደውል? ይባስ ብሎ ብትሞት በማን ስም ፍትሐት ይደረግላት?

ከበረንዳ ወደ በረንዳ የምትጠራሩም፣ በስማችሁ ተጠራሩ። ዕረፍት ለሌላት ልጅ ስትደውሉ መጀመሪያ ስሟን ጥሩላት። በሳምንት አንዴም ቢሆን ስሟን የሚያውቅ ሰው እንዳለ ትስማ።

ማርያምን በስሟ የጠራ አምላክ እያንዳንዳችንን ያስበን፣ በሰላም ለአገራችን ያብቃን። አሜን።