ከመምረጣችን በፊት እንጠይቅ
(ለመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ከላይ ጋይንት፣ ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች፣
የተከበራችሁ ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፣



በበዓል ቀን ስለ ተሠራው መጋዘንና ስለ ተገዛው መኪና ማውራት የተለመደ ነው። እኔ ግን ከፊታችን ስላለው የቦርድ ምርጫ፣ በተለይም ዕጩዎችን ስለ መጠየቅ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

እንደሚታወቀው በአገራችን የኅብረት ሥራ ሕግ በ1953 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በደርግ ወጥቷል። ሆኖም በደርግ ጊዜ አባሉ ማኅበሩን የራሴ ነው ብሎ ስላላየው፣ ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ብዙዎቹ ማኅበራት ፈርሰው ንብረታቸው ተበትኗል። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበራቱን በፈቃደኝነትና በአንድ አባል አንድ ድምፅ ላይ መሠረተ፤ የአመራሩንም የሥራ ዘመን 3 ዓመት አድርጎ ከ2 ተከታታይ ዘመን በላይ እንዳይመረጥ ከለከለ። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009ም የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤው መሆኑን አጽንቷል።

ይሁን እንጂ የማይጠይቅ ጉባኤ የበላይ ነው ማለት ያስቸግራል። አብዛኛውን ጊዜ ስም ይጠቆማል፣ «ደግ ሰው ነው» ይባላል፣ እጅ ይወጣል። ይሉኝታ ይዞን ዝም እንላለን። ማዳበሪያ ሲዘገይ ወይም ሂሳብ ሲጎድል ግን በየጠላ ቤቱ ማማት እንጀምራለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ዕጩው ፊታችን ቆሞ ሳለ እንጠይቀው። አንደኛ፣ በራሱ ቀበሌ ማኅበር ብድሩን በወቅቱ መልሷል? ምርቱንስ ለማኅበሩ ሸጧል ወይስ ለነጋዴ? ሁለተኛ፣ እሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ እህል ይነግዳል? ከነገደ፣ ዋጋ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ይቀመጣል ወይስ ይወጣል? ሦስተኛ፣ የኦዲት ሪፖርቱን ለቀበሌ አባል የሚያስረዳው እንዴት ነው? አራተኛ፣ ዩሪያና ምርጥ ዘር ከዘር ወቅት በፊት እንዲደርስ ምን ሊያደርግ አስቧል? አምስተኛ፣ የጉና ደጋ ገብስና ድንች፣ የበሺሎ ቆላ ደግሞ ማሽላ ያመርታል፤ ከአንዱ ወረዳ የመጣ ዕጩ ለሌላው ገበሬ እንዴት ይቆማል?

በዚህ ረገድ ሴት አባላት ከኋላ ተቀምጠው እንዳይቀሩ ሰብሳቢው አስቀድሞ ዕድል ይስጣቸው። ማዳበሪያው ሲዘገይ እነሱም እኩል ይጎዳሉ።

መጠየቅ መድፈር አይደለም። ለእድር ገንዘብ ያዥ ስንመርጥ እንኳ ማንነቱን እናጣራለን። መልሱም በአየር ላይ እንዳይቀር በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ በዓመቱ መጨረሻ የቁጥጥር ኮሚቴው ቃሉን ከሥራው ጋር ያመሳክር። ሁሉንም ነገር ቃል ከሚገባ ዕጩ ይልቅ «ይህን አላውቅም፣ አጣርቼ እመልሳለሁ» የሚለው ይሻላል።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አበው። አደራ የሚከብደው ግን ለተቀባዩ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሺህ ገበሬ ላብ ለማን እንደሚሰጥ ሳይጠይቅ የሚሰጥም ተጠያቂ ነው።