ከጂዳ የመጣው ፎቶ መርሳ ላይ አልከፈት ሲል

እሱ፦ ከሐብሩ ስንቱ ልጅ ሳዑዲ ነው! የሠርጉን ፎቶ ከጂዳ በሰው ይልካል፤ አባት ፍላሹን ይዘው መርሳ ፎቶ ቤት ይገባሉ፤ ኮምፒውተሩ «አልከፍትም» ይላቸዋል።

እሷ፦ ፋይሉ ተበላሽቶ እኮ አይደለም። ከስሙ መጨረሻ፣ ከነጥቧ ቀጥሎ «ኤች ኢ አይ ሲ» የሚል ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከአይፎን የመጣ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 ነው ይህን ያመጣው፤ ቦታ ይቆጥባል። ወልድያም ይሁን ሐራ ያለ የቆየ ዊንዶውስ ግን ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት አያነበውም። እ.ኤ.አ. የ1992ቱን ጄፔግ ግን ሁሉም ይከፍታል።

እሱ፦ አንዳንዱ ታዲያ ስሙን አጥፍቶ «ጄፔግ» ብሎ ይጽፍበታል።

እሷ፦ የማሽላ ጆንያ ላይ «ጤፍ» ብሎ መጻፍ ነዋ!

እሱ፦ በቴሌግራም ሲላክስ? ይከፈታል አይደል?

እሷ፦ እንደ ፎቶ ከተላከ ይከፈታል። ግን ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል፤ ስልክ ላይ ያምራል፣ ለግድግዳ ተልቆ ሲታተም ይደበዝዛል። እንደ ፋይል ከተላከ ሙሉው ይመጣል፤ ያው ኤች ኢ አይ ሲ ሆኖ።

እሱ፦ ኧረ አንቺ! ወዲህም ወዲያም አላስኬድ አልሽ።

እሷ፦ መላው ላኪው ጋ ነው። አይፎኑ ላይ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብቶ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ይምረጥ። ከዚያ ወዲያ የሚነሳው ፎቶ ጄፔግ ነው፤ ቀድሞ የተነሳውን ግን አይነካውም።

እሱ፦ ጂዳና ሪያድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ከሠርጉ በፊት አስተካክሉት።