የተፈረመበት ደንብ

በአሜሪካ ካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አዲሱ ዓመት ሲጀመር የደንብ መጽሐፍ ለየቤቱ ይደርሳል። ሸሚዝ ሱሪ ውስጥ ይግባ፣ ጢም ይላጭ፣ የቀሚሱ ቁመት ይጠበቅ፣ ስልክ ክፍል ውስጥ አይታይ፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው። ወላጅም ተማሪም ይፈርሙበታል።

ቅጣቱ እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል። የኢየሱሳውያን ማኅበር በሚያስተዳድራቸው ብዙ ትምህርት ቤቶች ያጠፋ ልጅ ከትምህርት ሰዓት በኋላ «ጀግ» ይገባል። ጓደኞቹ ኳስ ሜዳ ሲወርዱ እሱ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አለዚያም ወለል ይጠርጋል። ማኅበሩ ስለ ቅጣት ማሰብ የጀመረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1599 የወጣው የትምህርት መመሪያው፣ ግርፋት ካስፈለገ ገራፊው ከማኅበሩ አባላት ውጭ የሆነ ሰው ይሁን ይላል። ለተገራፊው ልጅ መቼም ልዩነቱ እምብዛም ነው!

ፊርማውስ ለምን?

እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከኦሃዮ በመጣው የጎስና የሎፔዝ ክርክር፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪን ሲያግድ ጥፋቱን ሊነግረውና መልሱን ሊሰማው ይገባል ሲል 5 ለ 4 ወሰነ። ይህ ግዴታ ግን የግል ትምህርት ቤቶችን አይመለከትም። ስለዚህ ከካቶሊክ ትምህርት ቤት የተባረረ ልጅ ወላጆች ሲከሱ፣ ብዙ ጊዜ የሚመዘዘው ያ የፈረሙበት ደንብ ነው፤ እንደ ውል ይታያልና። «አላነበብነውም» ማለት እምብዛም አያዋጣም። ዳኞች በቅጣቱ ክብደት ላይ መግባት ስለማይወዱ፣ በአብዛኛው የሚጠይቁት ትምህርት ቤቱ ራሱ የጻፈውን ሥርዓት ተከትሎ እንደሆነ ነው።