ከአይከል ከፍታ ቆላውን ማየት



ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወጥቶ የመተማን ጎዳና የያዘ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከጭልጋዋ ከተማ፣ ከአይከል ይደርሳል። ጎንደሬ እንግዳ ሲመጣበት ጎሃ ኮረብታ ላይ ያወጣውና ግንቡንና ከተማውን ቁልቁል ያሳየዋል። የአይከል ከፍታ የሚያሳየው ግን ከተማ ሳይሆን የደጋውን ማለቂያ ነው። መሬቱ ወደ ምዕራብ እየተሰበረ ይወርዳል፤ ተራራው ኮረብታ፣ ኮረብታው ጉብታ ይሆንና በመጨረሻ እስከ ሱዳን ድንበር በሚዘረጋው ሜዳ ይተካል። መንገዱ በሰላም በሚያስኬድበት ጊዜ ከዚህ ሥፍራ ጥቂት ሳይቆም የሚያልፍ እንግዳ ብዙ የሚቆጭበት ነገር አለው።

መሐንዲስ ከፍታ ላይ ሲቆም መለካት ይወዳል። አይከል ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስትሆን መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር አካባቢ ናት። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ የሚለውን የተለመደ ስሌት የያዘ ሰው፣ ጋቢ ደርቦ ከቆመበት እስከ ድንበሩ ድረስ ሙቀቱ 9 ዲግሪ ያህል እንደሚጨምር ያገኛል። ከሜዳው 1,400 ሜትር ከፍ ብሎ ለሚያይ ዐይን የምድር ክብነት እንቅፋት የሚሆነው ከ130 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው፤ መተማ ደግሞ በቀጥታ መስመር 110 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። እንግዲያው መተማን ከዐይን የሚሰውራት የምድር ክብነት ሳይሆን በመካከል ያለው ኮረብታ፣ አቧራና ጢስ ነው።

በክረምት ቆላው ለምለም ቢሆንም ደመናና ጉም ይጋርደዋል። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ለጥቂት ሳምንታት ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሣሩ ይደርቃል፣ እሳት ይለቀቅበታል፣ ዛፉም ቅጠሉን ያራግፋል። ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በበጋ ነውና የሚያየው ግራጫ፣ ሰውም ልምላሜም የሌለው የሚመስል ምድር ነው። «ባዶ አገር» ብሎ ይመለሳል።

ነገር ግን የዕጣን ዛፍ ዕጣኑን የሚሰጠው ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን በሚቆምበት በዚያው በበጋ ነው። ሠራተኛው ከጥቅምት አንሥቶ እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ቅርፊቱን በትንሹ እየላጠ፣ የፈሰሰው ሙጫ ሲደርቅ እየለቀመ፣ ቁስሉን እንደ ገና እያደሰ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዞራል። ከላይ የሞተ የሚመስለው ደን በሥራ ላይ ያለ ደን ነው። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፤ ይኸውም በሽማግሌዎቹ ዛፎች ሥር ለጋ ዛፍ መጥፋቱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከብት፣ ሰደድ እሳትና ያለ ልክ ማድማት ተባብረው የዚህን ዛፍ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንሱት ገምቷል። ይህ ከአይከል አይታይም፤ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ መሬቱን መመልከትን ይጠይቃል።

ሜዳው ከታሪክም ባዶ አልነበረም። መተማ በ19ኛው ምዕት ዓመት ቡና፣ ሰምና ጥጥ፣ ባሪያም ሳይቀር የሚሸጥባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው የወደቁባት፣ ስማቸውም የቀረላት ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳም አያሌ ስደተኞች የገቡት በእርሷ በር ነው።

«ባዶ» የሚለው ቃል ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በሰፈራ ወደ ምዕራብ ሲወሰድ ቦታዎቹ ጠፍ መሬት ይባሉ ነበር። ከዚህ በስተ ደቡብ ባለው የበለስ ሸለቆ ግን የጉሙዝ ሕዝብ ይኖር ነበር፤ ከደጋ የመጣውን ሰፋሪም ወባ ክፉኛ ጎዳው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሰፈራው ተራ ለመተማና ለቋራ ደረሰ።

የዚህ ማኅበር አባሎች የቆላውን ጥቁር አፈር፣ ዋልካውን፣ በባላጋራነቱ ያውቁታል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ሲሆን ክንድ በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል፤ መንገዱንም ከሥሩ ያናጋዋል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ አፈሩን ቆርጦ ማውጣት፣ በተመረጠ አፈር መተካት ወይም በኖራ ማጠንከር፣ ውሃውንም ማራቅ ነው። ያው ስንጥቅ ግን ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ መጠለያም ነው። በሽታው ካልታከመ ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ በሊቦ ከምከም በወረርሽኝ መልክ ሲነሣ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለቀን ሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ይዘውት እንደ መጡ ይታመናል። እነዚህ ሰዎች ቀን የሰው ሰሊጥ ሲያርሙና ሲያጭዱ ውለው ሌሊቱን ከግራር ሥር በተሰነጠቀ መሬት ላይ ያድራሉ።

እዚህ ላይ ሙያው ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። በዚሁ ቆላ፣ በሸኸዲ በኩል ወደ ገዳሪፍ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ተዘርግቷል። ከዚያ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ከመሬት ከፍ ያለ የሠራተኛ መኝታ፣ አጎበር የሚሰቀልበት ጣሪያና በሐምሌ ሕመምተኛን እስከ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ጥርጊያ መንገድ ምን ያህል ይከብዳል? ችግሩ የዕውቀት አይመስልም። ጥናት የሚካሄደው መኪና በሚገባበት በበጋ ነው፤ የአትባራ ወንዝ የላይኛው ክፍል የሆነው ጓንግ በጥር ሲታይ አሸዋና ኩሬ ነው፤ በነሐሴ ግን ድልድይ ይፈትናል። በጥር ብቻ አይቶ ፉካ የሚለካ ሰው ከአይከል ላይ ቆሞ «ባዶ» ካለው ጎብኚ ብዙ አይለይም።

የቀን ሠራተኞቹ በሰኔና በሐምሌ ለአረም፣ በመስከረም ለአጨዳ ይወርዱና ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይመለሳሉ። በአይከል የሚያልፉት በጭነት መኪና ላይ ተፋፍገው ነው። ሲወርዱ ቆላው በጉም ተሸፍኗል፤ ሲመለሱ ደግሞ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጎብኚውም ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሜዳውን ይመለከታል። መኪናው ግን አይቆምም፤ ከተሳፈሩትም አንዳንዱ ትኩሳት ይዞት ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል።