የዜግነት ለውጥና የኢትዮጵያ ዕድል በበረዶ ላይ ስፖርት

በስፖርት ታሪክ የዜግነት ለውጥ የሚባለው አንድ ስፖርተኛ የተወለደበትን ወይም ቀድሞ የተሰለፈበትን አገር ትቶ በሌላ አገር ስም ለመወዳደር የሚፈጽመው ሕጋዊ ሽግግር ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ የምትታወቀው በአመዛኙ ሯጮቿን ለሌሎች በመስጠት ነው። ከላምበረት እስከ ኮተቤና ካራ ባለው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ብዙ ሯጮች የሚኖሩና የሚለማመዱ ቢሆንም፣ አንድ አገር ለኦሊምፒክ በአንድ ርቀት ከሦስት ሰው በላይ ማሰለፍ ስለማትችል፣ በሩ የጠበባቸው አንዳንዶች ወደ ውጭ መመልከታቸው አያስደንቅም። ዘነበች ቶላ፣ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በኦሳካ፣ በ2009 ደግሞ በበርሊን በ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ለባህሬን ሮጣ ነው።

በበረዶ ላይ ግን ጉዞው ተገልብጧል። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም የአገር አቋራጭ ስኪን፣ ማለትም በረጃጅም መንሸራተቻዎችና በሁለት ዘንጎች እየተገፉ የበረዶ ሜዳን የማቋረጥ ውድድርን፣ እዚያው ተምሮ፣ ለኢትዮጵያ የስኪ ፌዴሬሽን እንዲቋቋም ጥሮ፣ በ2006 በቶሪኖ የ15 ኪሎ ሜትር ውድድር በክረምት ኦሊምፒክ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በ2010ም በቫንኩቨር ተመለሰ። በዚያው በቶሪኖ ለደቡብ ኮሪያ ሦስት ወርቅ ያገኘው የበረዶ ሸርተቴ የፍጥነት ተወዳዳሪ አን ህዩን ሱ፣ በ2014 በሶቺ ቪክቶር አን ተብሎ ሦስት ወርቅ ለሩሲያ አስገኝቷል። ሁለቱን በሜዳሊያ ማወዳደር አይገባም፤ ሮቤል ያመጣው ነገር ለአገሩ ከሜዳሊያ የማያንስ ነውና። ይሁን እንጂ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ቡድን ሰውየው ሲያቆም አብሮ ይቆማል፤ ኢትዮጵያም በ2014፣ በ2018 እና በ2022 የክረምት ኦሊምፒክ አልታየችም።

ተተኪ የሚገኘው በረዶ ባለባቸው አገሮች ከሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች መካከል ብቻ ሲሆን፣ ዋናው እንቅፋት ከብርዱና ከገንዘቡ ይልቅ ሕጉ ነው። የኦሊምፒክ ቻርተር ተወዳዳሪው የሚወክለው አገር ዜጋ እንዲሆን ያዝዛል፤ የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ ወዶ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘውን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቈጥራል፣ በውጭ ተወልዶ የዚያን አገር ዜግነት በትውልድ ያገኘውም ልጅ አካለ መጠን ባደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን ካልመረጠ ዜግነቱ ይቀርበታል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ለመኖርና ለመሥራት ያስችላል፤ ዜጋ ግን አያደርግም። በካናዳ የተወለደው ሻነን አቤዳ በ2018 እና በ2022 ለወላጆቹ አገር ለኤርትራ መወዳደር ሲችል፣ በዚያው አገር የሚያድግ የኢትዮጵያውያን ልጅ ገና በወጣትነቱ ያደገበትን አገር ፓስፖርት እንዲጥል ይጠየቃል። የሕግ አውጪዎችና የኦሊምፒክ ኮሚቴው ለእነዚህ ልጆች የተለየ በር ይከፍቱ ዘንድ ይገባል።