ከአፈርና ከአየር ወደ ቅጠል

ጨረራ ወደ መድኃኒት ዓለም የገባው ተፈርቶ ሳይሆን ተወድሶ ነው። ሄንሪ ቤክሬል በ1896 እ.ኤ.አ. ዩራኒየም ጨረራ እንደሚያመነጭ አስተዋለ፤ ማሪና ፒየር ኩሪም በ1898 ፖሎኒየምንና ሬዲየምን ለዩ። ብዙም ሳይቆይ ሬዲየም የተጨመረበት ውሃ በጠርሙስ ይቸበቸብ ጀመር። ራዲቶር የተባለውን ለዓመታት የጠጣው አሜሪካዊው ባለጸጋ ኤበን ባየርስ የመንጋጋው አጥንት በስብሶ በ1932 ሞተ። ፍርሃቱ ከዚያ መጣ፤ እሱም ቢሆን እንደ ውዳሴው ልክ አልነበረውም።

በ1906 ኖርማን ካምቤል ተራው ፖታሲየም ጨረራ እንደሚያመነጭ አሳየ። ያለ ፖታሲየም የሚበቅል ተክል የለም፤ ስለዚህ ለመድኃኒት የምንቀጥፋቸው ዳማከሴውም ጤና አዳሙም ጨረራ አላቸው። በአንድ ግራም ፖታሲየም ውስጥ በየሰከንዱ 31 ያህል አተሞች ይፈርሳሉ። ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ ካለ፣ በራሱ ሰውነት ውስጥ በየሰከንዱ ከ4,000 በላይ እንደሚፈርሱ ይወቅ። ሰውነታችን ፖታሲየምን በልክ ይዞ ትርፉን በሽንት ስለሚያስወጣ ቅጠል መጠጣት ይህን መጠን አያሳድገውም። ቅጠል ሲመረመር በመለኪያው ላይ ጎልቶ የሚታየው ቁጥር ግን ይኸው የፖታሲየሙ ነው፤ አርዕስት ፈላጊዎችም የሚወዱት እሱን ነው።

ትኩረት የሚሻው ከላይ የሚወርደው ነው። አፈር ውስጥ ካለው ዩራኒየም የሚወለደው ራዶን ጋዝ ስለሆነ ወደ አየር ይወጣል። እዚያ ደረጃ በደረጃ ፈርሶ እርሳስ-210 ይሆናል፤ ይህም ከአቧራና ከዝናብ ጋር ቅጠል ላይ ያርፋል። ከእርሱ ደግሞ ፖሎኒየም-210 ይወለዳል። በ1964 ራድፎርድና ሃንት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ፖሎኒየሙ በትንባሆ ውስጥ መኖሩን አሳወቁ። ይህ ፖሎኒየም ሲዋጥ፣ ቤክሬል (በሰከንድ አንድ መፍረስ) ለቤክሬል ሲነጻጸር፣ ለሰውነት የሚሰጠው የጨረራ መጠን ከፖታሲየሙ ወደ 200 እጥፍ ይጠጋል።

እስቲ እናስላው። በኪሎ 10 ቤክሬል ፖሎኒየም ያለበትን ደረቅ ቅጠል ፈጭቶ በቀን 5 ግራም የሚውጥ አዋቂ ከፖሎኒየሙ በዓመት 0.02 ሚሊሲቨርት ያህል የጨረራ መጠን ይደርሰዋል። ሰው ከተፈጥሮ በአማካይ በዓመት የሚቀበለው 2.4 ነው። አፍልቶ የሚጠጣማ ከዚህም ያነሰ ነው የሚያገኘው፤ ያለው ሁሉ ወደ ውሃው አይወጣምና። ኮሶን ያለ ልክ የሚጠጣ ሰው ሊፈራ የሚገባው፣ በእኔ አስተያየት፣ ኮሶውን ራሱን እንጂ ጨረራውን አይደለም።

ይህ ስሌት የማይመጥነው ለሊከን ነው። በድንጋይና በመሬት ላይ ተለጥፎ የሚኖረው ይህ ፍጡር፣ በሰሜን አውሮፓ «የአይስላንድ ሙስ» በሚባለው ዓይነቱ ለሳል ይጠጣል። ሥር ስለሌለው ምግቡን ከአየር ይለቅማል፤ ሲያድግም ቀስ እያለ ስለሆነ የብዙ ዓመት አቧራ ያጠራቅማል። ፖሎኒየሙ በኪሎ ወደ መቶዎች ቤክሬል ሊደርስ ይችላል። ማቆየትም አያዋጣም፤ ፖሎኒየም በ138 ቀን በግማሽ ቢቀንስም፣ ግማሽ ዕድሜው 22 ዓመት የሆነው እርሳስ-210 በምትኩ አዲስ ይወልዳል። ስለዚህ የመድኃኒት ዕፅዋትን ጨረራ የሚለኩ መርማሪዎች ከጓሮ ከተቀጠፈ ቅጠል በፊት እንዲህ ያለውን ሥር አልባ ፍጡርና ከዩራኒየም ማዕድን ማውጫ አጠገብ የተለቀመውን ቢመዝኑ ይሻላል።